የአሰልጣኞቹን ቪዲዮ ገዝቼ ዲፌንሲቭ ላይን ብቻ አየሁበት

አሰልጣኞች ለሚያዩት፣ ኦል-22 ለሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቪዲዮ መክፈል ያዋጣል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። አጭሩ መልሴ ይኸው፦ ዲፌንሲቭ ላይን (ከፊት የሚሰለፉትን የመከላከያ መስመር ተጫዋቾች) ለሚወድ ሰው በደንብ ያዋጣል። ኳርተርባክ (ኳሷን የሚወረውረውን የማጥቂያ መሪ) ብቻ ለሚያይ ሰው ግን የቴሌቪዥኑ ስርጭት ይበቃዋል።

ረጅሙን መልስ የምሰጠው በአንድ ጥያቄ በኩል ነው። አንድ ክለብ ራሱ በድራፍት (ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) መርጦ ያሳደገውን የመከላከያ መስመር ተጫዋች ኮንትራቱ ሲያልቅ በውድ ያስፈርመው? ወይስ ሸኝቶት በእሱ ቦታ ሌላ ይተካ? በኤንኤፍኤል፣ በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ ማርች ላይ ይነሳል። እኛ ቤት ግን ዓመቱን ሙሉ አይወርድም። ታናሽ ወንድሜ አቋሙ አንድ ነው፦ «እታለም፣ ሳኩን ቁጠሪ። ካለው ይከፈለው፣ ከሌለው ይሂድ።» ሳክ የሚባለው ኳርተርባኩን ኳሷን ሳይለቅ መጣል ነው። እኔ ደግሞ ሳክ ብቻ ተቆጥሮ ሲከፈል ያናድደኛል። ቪዲዮውን የገዛሁትም ለዚሁ ክርክር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሷን ነው የሚከተለው። ኳርተርባኩ ኳሷን ሲለቅ ካሜራውም አብሯት ይሄዳል፣ መሃል ላይ የሚተናነቁት ሰዎች ከስክሪኑ ይወጣሉ። ኦል-22 የሚቀረፀው ከስታዲየሙ ከፍ ካለ ቦታ ነው። ሃያ ሁለቱም ተጫዋቾች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይታያሉ። እያንዳንዱ ፕሌይ (አንድ የኳስ ሙከራ) ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከኤንድ ዞን (ሜዳው ጫፍ ላይ ካለው የጎል ክልል) ጀርባ። ኮሜንታተር የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ የደጋፊ ጩኸት የለም። ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ስርጭት ውስጥ ኳሷ እንቅስቃሴ ላይ የምትሆነው 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሆነ አንድ ጨዋታ ቶሎ ያልቃል። እንደኔ እያቆመ ወደ ኋላ ለሚመልስ ሰው ግን ግማሽ ቀን ይበላል። ክለቦቹ ይህን ፊልም ለረጅም ጊዜ ለራሳቸው ብቻ ይዘውት ነበር። ለደጋፊ በክፍያ የተከፈተው በ2012 ነው።

ለመስመር ተጫዋች የሚጠቅመው ከኤንድ ዞን ጀርባ የሚታየው ነው። ከጎን ሲታይ የማጥቂያው መስመር ሰዎች፣ ዳር ያለው ታክሉ፣ ከእሱ ቀጥሎ ጋርዱና መሃል ያለው ሴንተሩ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባሉ፣ ማን ማንን እንደያዘ አይለይም። ከኋላ ሲታይ ግን መስመሩ ተዘርግቶ ይታያል። በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ክፍተት፣ የእጅ አገባቡ፣ ዳሌው ወዴት እንደዞረ፣ ሁሉም ይነበባል።

እኔ ኳሷ ስትነሳ ወዲያው አቆመዋለሁ። ከዚያ ትንሽ አስኬደዋለሁና ደግሞ አቆመዋለሁ። የማየው አንድ ነገር ነው፦ ሴንተሩ ወዴት ዞረ? የማጥቂያው መስመር አምስት ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኳርተርባኩ ለመግባት የሚሮጡት የመከላከያ ሰዎች ደግሞ አራት ናቸው። አምስት ለአራት ሲሆን አንድ ሰው ይተርፋል ማለት ነው። ያ ትርፍ ሰው የሚሄደው አሰልጣኙ ወደሚፈራው ተጫዋች ነው። ይህ ደብል ቲም ነው። አንዱ ሁለት ሰው ከያዘ የቀሩት ሦስቱ አንድ ለአንድ ይጋጠማሉ። ሳኩ የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ከሦስቱ ለአንዱ ነው። ሁለት ሰው ተሸክሞ የቆመው ሰውዬ በስታቲስቲክሱ ላይ ባዶ ነው። ከወንድሜ ጋር ያለን ጠብ እዚህ ላይ ነው።

ለመሞከር ጥሩው ጨዋታ ፌብሩዋሪ 2025 ላይ የተደረገው ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ) ነው። ኢግልስ ቺፍስን 40 ለ 22 አሸነፈ። የቺፍሱ ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ ስድስት ጊዜ ሳክ ተደረገ። የሚገርመው ኢግልስ አንድም ጊዜ ብሊትዝ (ከአራት በላይ ሰው መላክ) አላመጣም፤ በአራት ሰው ብቻ ነው የጨረሰው። ሳኩን ስንቆጥር ጆሽ ስዌት 2.5፣ ሚልተን ዊሊያምስ 2 አላቸው። ሁለቱም ክለቡ ራሱ በድራፍት ያመጣቸው ናቸው፤ ስዌት በ2018 በአራተኛው ዙር፣ ዊሊያምስ በ2021 በሦስተኛው ዙር። እዚያው መስመር መሃል ላይ የሚሰለፈው ጄለን ካርተርስ? ዜሮ።

አሁን ፊልሙን ከኤንድ ዞን ጀርባ ክፈቱና ካርተርን ብቻ ተከተሉ። ኳሷ ስትነሳ ጋርዱ ይይዘዋል፣ ሴንተሩም ትከሻውን ወደ እሱ ያዞራል። እሱ ወደ ኋላ አይገፋም። ሁለት ሰው ይዞ ወደ ኳርተርባኩ ይገፋል፣ ማሆምስ ወደ ፊት ሊረግጥበት የሚችለው ቦታ ይጠፋል። ማሆምስ ወደ ጎን ሲወጣ ስዌት እዚያ ይጠብቀዋል። የስዌትን ሥራ ለማሳነስ አይደለም፣ ሰውየው ያገኘውን ዕድል ጨርሷል። ግን ቺፍስ በዚያ ቀን ግራ ታክል ላይ ያሰለፉት በሙያው ጋርድ የሆነውን ጆ ቱኒን እንደነበርም ፊልሙ ላይ ልብ ትላላችሁ።

ከአንድ ወር በኋላ ኢግልስ ሁለቱንም ሸኘ። ዊሊያምስን ፔትሪየትስ በአራት ዓመት 104 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው፣ ስዌት ወደ ካርዲናልስ ሄደ። ወንድሜ ያን ቀን በጣም ተናደደ። «በሱፐር ቦውል አራት ሳክ ተኩል ያመጡ ሰዎች እንዴት ይለቀቃሉ?» አለኝ። እኔ ግን ክለቡ ልክ ነበር እላለሁ። ዊሊያምስ በመደበኛው የውድድር ዘመን ግማሽ ያህሉን ጊዜ ነው የተሰለፈው። ጥሩ ተጫዋች ነው፣ ገንዘቡም ይገባዋል፣ እሰየው። ግን የዚያ መስመር ምሰሶ ካርተር ነበር፤ ካርተርና ሌላው የመሃል ተጫዋች ጆርዳን ዴቪስ ደግሞ ገና ከድራፍት በኋላ በፈረሙት በመጀመሪያው ኮንትራታቸው ላይ ነበሩ። ምሰሶው እስካለ ድረስ አጠገቡ የሚቆመውን ሰው መተካት ይቻላል። እኔ ለክለብ አለቃ የምመክረው ይኼንን ነው፦ ሁለት ሰው የሚስበውን ያዝ፣ በእሱ ምክንያት ነፃ የሚሆነውን ሸኝ።

ሁለቱን ያቀላቀለ ክለብ ምን እንደሚገጥመው ለማየት ፎርቲናይነርስን እዩ። ይህን ታሪክ ደጋግሜ ነው ያየሁት፣ አሁንም አይሰለቸኝም።

ዲፎረስት በክነርን በ2016 ድራፍት በሰባተኛ ምርጫ ያመጡት እነሱ ናቸው። አሪክ አርምስቴድንም በ2015 በ17ኛ ምርጫ ያመጡት እነሱ ናቸው። በ2019 ይህ መስመር ሱፐር ቦውል ደረሰ። በዚያ ዓመት አርምስቴድ 10 ሳክ፣ በክነር 7.5 ነበራቸው። ማርች 2020 ላይ ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ በሳላሪ ካፑ (ሊጉ ለአንድ ክለብ ደመወዝ ባስቀመጠው ጣሪያ) ውስጥ አልነበረም። ካፑ ያኔ 198.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ክለቡ አርምስቴድን በአምስት ዓመት 85 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። በክነርን ለኮልትስ ሸጠና የዚያን ዓመት ድራፍት የ13ኛ ምርጫ መብት ተቀበለ። ኮልትስ ለበክነር የአራት ዓመት የ84 ሚሊዮን ዶላር ማራዘሚያ ሰጠው።

የ2019ን ፊልም ሳየው ሴንተሩ የሚዞረው ወደ በክነር ነው። አርምስቴድ ኃይለኛና ብልህ ተጫዋች ነው፣ በሩጫ ላይ በተለይ ቦታውን አይለቅም። ግን ተቃራኒዎቹ አሰልጣኞች ትርፉን ሰው የላኩት አብዛኛውን ጊዜ በ99 ቁጥሩ በክነር ላይ ነው። በክነር ቁመቱ ሁለት ሜትር ይጠጋል። እጁ ረጅም ስለሆነ ጋርዱ ሳይነካው እሱ ቀድሞ ይነካዋል። ጋርዱ ሚዛኑን ሊያስተካክል ሲል ሴንተሩ ካልደረሰለት አለቀ።

ከዚያ የሆነውን ተመልከቱ። ፎርቲናይነርስ ከ13ኛ ወደ 14ኛ አንድ ደረጃ ወርዶ ጃቮን ኪንሎውን መረጠ። የተለቀቀውን የ13ኛ ምርጫ ይዞ ታምፓ ቤይ ታክሉን ትሪስታን ዊርፍስን ወሰደ። ኪንሎው የበክነር ምትክ ይሆናል ተብሎ ነበር። ጉልበቱ ግን አላስቻለውም፤ በ2021 አራት ጨዋታ፣ በ2022 ስድስት ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። ልጁ ላይ አልፈርድም፣ ጉዳት ነው። በኋላም አገግሞ በሌላ ክለብ ጥሩ ኮንትራት አግኝቷል። በክነር በበኩሉ በመጀመሪያው የኮልትስ ዓመቱ 9.5 ሳክ አስመዝግቦ የኦል-ፕሮ (የሊጉ የዓመቱ ምርጦች) አንደኛ ቡድን ውስጥ ገባ።

ዋናው ነገር ያለው ማርች 2023 ላይ ነው። ፎርቲናይነርስ መሃሉ ክፍት እንደሆነ ስላየ ጃቮን ሃርግሬቭን ከውጭ አስፈረመ። በስንት? በአራት ዓመት 84 ሚሊዮን ዶላር። ለበክነር አንከፍልም ያሉትን ገንዘብ ቁጥሩ እንኳ ሳይቀየር ለሌላ ክለብ ሰው ከፈሉ ማለት ነው። በክነር ሲሄድ 26 ሊሞላው ነበር፤ ሃርግሬቭ ሲመጣ 30 ሞልቶታል። እርግጥ ካፑ በሦስት ዓመት ውስጥ ስላደገ 84 ሚሊዮን በ2023 ቀለል ያለ ገንዘብ ነው። ይህን አልክድም። ግን ክርክሩ የሚጠቅመው እኔን ነው፦ ካፑ በየጊዜው ካደገ ቀድሞ የተፈረመ ረጅም ኮንትራት እያደር ይረክሳል። ሃርግሬቭ በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ተጫወተ፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ ትራይሴፑ (የክንዱ የኋላ ጡንቻ) ተጎዳና ዓመቱ አበቃ፣ በ2025 ተለቀቀ። አርምስቴድም በ2024 ሄደ። በክነር ግን በዚያው በ2024 ከኮልትስ ጋር እንደገና ተፈራረመ።

ኮልትስ በክነርን ይዞ ዋንጫ አልበላም፣ ፎርቲናይነርስ ያለ እሱ እንደገና ሱፐር ቦውል ደርሷል። አንድ የመሃል ተጫዋች ብቻውን ዋንጫ አያመጣም። ግን ጥያቄው በዚያ ገንዘብ የተሻለ ሰው ተገኘ ወይ ነው፣ ፊልሙ አልተገኘም ይላል።

ሳክ መቁጠር ያታልላል የምለው ከዚህም በላይ ማስረጃ ስላለኝ ነው። ክለባቸው ያሳደጋቸው የሁለት ተጫዋቾች ታላላቅ ፕሌዮች ሳክ ሆነው አልተመዘገቡም።

አንዱ አሮን ዶናልድ ነው። ራምስ በ2014 በ13ኛ ምርጫ አመጣው፣ በኦገስት 2018 መጨረሻ በስድስት ዓመት 135 ሚሊዮን ዶላር አቆየው። ፌብሩዋሪ 2022፣ ሱፐር ቦውል፣ ራምስ 23 ለ 20 እየመራ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ከአንድ ደቂቃ በታች ቀርቷል። ቤንግልስ ሦስተኛ ዳውን (አጥቂው አሥር ያርድ ለማለፍ ካሉት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው) ላይ አንድ ያርድ ቀርቷቸው በሩጫ ሞከሩ፣ ዶናልድ ያዘው። አራተኛ ዳውን ላይ ኳርተርባካቸው ጆ በሮው ወደ ኋላ ተመለሰ። በቴሌቪዥን ያየነው ዶናልድ ጋርዱን አልፎ በሮውን ሲያሽከረክረውና ኳሷ ባዶ ሜዳ ላይ ስትወድቅ ነው።

ኦል-22ን ስትከፍቱ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ራቅ ብሎ የራምሱ ተከላካይ ጄለን ራምዚ ተደናቅፏል። የቤንግልሱ ተቀባይ ጃማር ቼዝ ብቻውን ወደ ኤንድ ዞን እየሮጠ ነው። በሮው ግማሽ ሰከንድ ቢያገኝ ኖሮ ኳሷን እዚያ ይጥላታል፣ ዋንጫውም ወደ ቤንግልስ ከተማ ወደ ሲንሲናቲ ይሄዳል። ያቺን ግማሽ ሰከንድ የወሰደው ዶናልድ ነው። መዝገቡ ላይ ሳክ የለም፣ ያልተሳካ ፓስ ብቻ ነው። እኔ ይህን ፕሌይ ሳየው አሁንም ልቤ ይመታል።

ሌላው ክሪስ ጆንስ ነው። ቺፍስ በ2016 በሁለተኛው ዙር በ37ኛ ምርጫ አገኘው። በ2020 ፍራንቻይዝ ታግ (ክለቡ ተጫዋቹን ለአንድ ዓመት እንዳይሄድ የሚይዝበት መብት) አደረገበት፣ ቀጥሎ በአራት ዓመት 80 ሚሊዮን ተስማሙ። በ2023 በገንዘብ ስላልተስማማ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሳይጫወት ከላይ ከክፍል ሆኖ ተመለከተ፣ ቺፍስ በላየንስ 21 ለ 20 ተሸነፈ። በዚያው ውድድር ዘመን መጨረሻ፣ ፌብሩዋሪ 2024፣ ከፎርቲናይነርስ ጋር የነበረው ሱፐር ቦውል ተጨማሪ ሰዓት ገባ። ፎርቲናይነርስ ጎል አፍ ላይ ደርሰው ሦስተኛ ዳውን ነው። ጆንስ ማንም ሳይይዘው መሃሉን ሰንጥቆ ገባ፣ የፎርቲናይነርስ ኳርተርባክ ብሮክ ፐርዲ ሳያነጣጥር ለቀቃት። ታችዳውን (ስድስት ነጥብ) መሆን የነበረበት ፊልድ ጎል (ሦስት ነጥብ) ሆነ። ቺፍስ 25 ለ 22 አሸነፈ። ጆንስ እዚህም ላይ ሳክ የለውም። በሚቀጥለው ወር በአምስት ዓመት 158.75 ሚሊዮን ዶላር ፈረሙለት። ወንድሜ ውድ ነው ይላል። እኔ ያን ፕሌይ ከኋላ አሳየዋለሁ።

በነገራችን ላይ ዶናልድ በፈረመ ማግስት የሆነውን መርሳት አይቻልም። ሬይደርስ በዚያው በ2014 ድራፍት ያመጡትን ካሊል ማክን ለቤርስ ሸጡት። ቤርስ በስድስት ዓመት 141 ሚሊዮን ሰጡት። በ2018 ማክ ለቤርስ ብቻውን 12.5 ሳክ አመጣ። ሬይደርስ እንደ ቡድን ዓመቱን ሙሉ 13 ሳክ ብቻ አገኙ። ዶናልድ ብቻውን 20.5 ነበረው። እዚህ ላይ እንኳን ፊልም፣ የወንድሜ ሳክ ቆጠራም ይበቃል። ከንግዱ በተገኘው ምርጫ ጆሽ ጄከብስ መጣ፤ ጥሩ ሯጭ ነው፣ በ2022 ሊጉን በሩጫ መርቷል። መስመሩን ለመሙላት ግን በ2019 የራሳቸውን አራተኛ ምርጫ ለክሌሊን ፌረል ሰጡ፣ የማክን ጫማ አልሞላም።

«ሁሉም ይቆይ» የሚል ሰው ከመሰልኳችሁ ግን ተሳስታችኋል። ክርስቲያን ዊልኪንስ የዶልፊንስ ልጅ ነው፣ በ2019 በ13ኛ ምርጫ መጣ። በ2023 በሕይወቱ ትልቁን፣ 9 ሳክ አመጣ። ዶልፊንስ ሸኙት፣ ሬይደርስ በአራት ዓመት 110 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱት። እግሩ ተጎድቶ ከአምስት ጨዋታ በኋላ ዓመቱ አለቀ፣ ጁላይ 2025 ላይ ተለቀቀ። ዶልፊንስ አንጋፋውን ካሌይስ ካምቤልን በአንድ ዓመት ኮንትራት አምጥተው ዓመቱን ተሻገሩ። ጉዳትን ማንም አይተነብይም። ግን በአንድ ዓመት የተነሳ የሳክ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ይህን ያህል ገንዘብ መክፈል ለሌላ ክለብ ሰው ሲሆን የበለጠ አደገኛ ነው።

ምክንያቱም የራስህን ልጅ ታውቀዋለህ። ጠዋት ሰዓቱን ያከብር እንደሆነ፣ ክብደቱን ይጠብቅ እንደሆነ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚመቸው ታውቃለህ። አልበርት ሄይንስወርዝ በቴነሲ ታይታንስ የሊጉ ፍርሃት ነበር። በ2009 ዋሽንግተን በሰባት ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። በዓመቱ አዲስ አሰልጣኝ መጥቶ አሰላለፉን ወደ 3-4 (ከፊት ሦስት የመስመር ተጫዋች፣ ከኋላቸው አራት) ቀየረ፣ ሄይንስወርዝ ግን ኖዝ ታክል (በቀጥታ ሴንተሩ ፊት የሚቆመው) መጫወት አልፈለገም። በ2011 ተሸጠ። በታይታንስ ፊልሙ ላይ ሰውየው በጋርዱ ትከሻ ላይ ቆሞ ወደ ክፍተቱ ሲወነጨፍ ነበር የሚታየው። ሴንተሩ ፊት ቆመህ ሁለት ሰው ያዝልን ማለት ሌላ ሥራ ነው። ተጫዋች ስትገዛ አብሮት የነበረው አሰላለፍ አይመጣልህም።

በተቃራኒው ካም ሄይዋርድን እዩ። ስቲለርስ በ2011 በ31ኛ ምርጫ አመጡት፣ ደጋግመው አስፈረሙት፣ በ2024 በ35 ዓመቱ ኦል-ፕሮ አንደኛ ቡድን ገባ። ፊልሙ ላይ ፍጥነቱ እንደ ድሮው አይደለም። እጁ ግን የት መግባት እንዳለበት ከጋርዱ ቀድሞ ያውቃል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የድራፍት ልጅ ኮንትራቱ አራት ዓመት ነው፣ የመጀመሪያው ዙር ከሆነ ክለቡ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ማራዘም ይቻላል። ሴንተሩ ወደ ልጅህ መዞር ከጀመረ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ፈርምለት። ታግ እስኪደረግበት፣ እስኪኮርፍ፣ ልምምድ እስኪቀር መጠበቅ ዋጋውን ከፍ ከማድረግ ሌላ ጥቅም የለውም። ሴንተሩ ካልዞረለት ደግሞ በደህና ሸኘው። ከሸኘኸው ሰው ይልቅ ከውጭ ያመጣኸው ካነሰ ሊጉ በሚቀጥለው ዓመት ድራፍት ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ የማካካሻ ምርጫ ይሰጥሃል። ኢግልስ ይህን አሠራር እንደ ሥራ ይዘውታል።

አሁን ወደ ዕቃው ልመለስ። ኦል-22 የማይሰጣችሁ ነገር አለ። አሰልጣኙ ምን እንዳዘዘ አይናገርም። ተጫዋቹ ክፍተቱን ለቆ የሄደው ታዞ ይሁን አጥፍቶ ከፊልሙ ብቻ በእርግጠኝነት አይታወቅም። የጉልበት ራጅ አያሳይም፤ የኪንሎውን ነገር ፊልም አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ድምፅ ስለሌለው ኳርተርባኩ ምን ብሎ እንደጮኸ፣ ሴንተሩ ምን ብሎ እንዳስጠነቀቀ አትሰሙም። ስለዚህ አንድ ፕሌይ አይታችሁ አትፍረዱ። ሙሉ ጨዋታ እዩ፣ ከተለያየ ተጋጣሚ ጋር እዩት። በተለይ ቡድኑ እየተመራ ያለበትን አራተኛ ሩብ እዩ፤ የደከመ ሰው እዚያ ላይ ይታወቃል።

የምጠቀምበት አቅራቢ ስሙ ይቅርና መተግበሪያው አንድ የሚያበሳጭ ጠባይ አለው። ዘግቼ ስመለስ ያቆምኩበትን ረስቶ ከመጀመሪያው ፕሌይ ይጀምራል። ሁለተኛ ሩብ ላይ ያለችውን ያቺን አንድ ፕሌይ ፍለጋ ጣቴ ይደክማል። ስለዚህ ወረቀት ይዤ ሰዓቱንና ዳውኑን እጽፋለሁ። በስልክ ማየትም አልመክርም። ከኋላ የሚታየው ምስል ላይ እጅና ትከሻ ትንንሽ ናቸው፣ ትልቅ ስክሪን ይፈልጋል። ፊልሙም ጨዋታው እንዳለቀ አይወጣም፣ አንድ ሁለት ቀን መታገስ ግድ ነው።

ገንዘብ መቆጠብ ለሚፈልግ ሰው፦ ዓመቱን ሙሉ አትክፈሉ። የውድድሩ ዘመን ሲያልቅ፣ ፍሪ ኤጀንሲ (ኮንትራታቸው ያለቀ ተጫዋቾች ገበያ) ሊከፈት ሲል፣ ለአንድ ወር ብቻ ግቡ። የዓመቱ ጨዋታዎች ተሰድረው ይጠብቋችኋል። የክለባችሁን ዲፌንሲቭ ታክል (የመከላከያውን መስመር የመሃል ተጫዋች) መርጣችሁ ሦስት አራት ጨዋታ እሱን ብቻ ተከተሉ፣ ኳሷን እርሷት። ለመጀመር የሚከብዳችሁ ከሆነ የ2019ን ፎርቲናይነርስ ክፈቱ፣ ከኤንድ ዞን ጀርባ ያለውን ምረጡ፣ 99 ቁጥርን ፈልጉ።